ዐሥራ አምስት ሰዓት

መምህር እንደሻው የተሳሳተ ሰዓት አይተው ማለፍ አይችሉም። አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ገብተው የግድግዳው ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን ካዩ፣ ጉዳያቸውን ትተው ወንበር ይጠይቃሉ። ወንበሩ ላይ ይወጣሉ፣ ቆጣሪውን በጣታቸው ያዞራሉ፣ ይወርዳሉ፣ አቧራውን ከእጃቸው ያራግፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ» የሚሉት። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ በደወል ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ደወል አንድ ደቂቃ ቢዘገይ አገር የሚፈርስ ይመስላቸዋል።

የእኔ ሱቅ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ሆን ብዬ ያስቀደምኩት ነው፤ ደንበኛ አየት አድርጎ ቶሎ ቶሎ ይበል ብዬ። መምህር በመጡ ቁጥር ያስተካክሉታል፤ ሲወጡ እኔ መልሼ አስቀድመዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስንገፋፋ ኖረናል። እሳቸውም አልሰለቻቸው፣ እኔም አልተሸነፍኩ።

ስሜ ሙቢና ነው። ባጃጆች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶኮፒ አነሳለሁ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መምህር ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውኛል። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ጥዬ እህል ንግድ ልገባ ስል ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ እናቴን ለምነው፣ እኔን ተቆጥተው የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። ደስ ሲላቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ሳሾፍባቸው ብትሰሙኝ ክፉ አይምሰላችሁ።

ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። አንድ ልጃቸው ፅዮን አዳማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሌላው ጡረተኛ እድር ይዳኛል፣ ዳማ ይጫወታል፤ መምህር ግን ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ይጽፋሉ። ከጀመሩት ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ስሙን «ቀስበቀስ» አሉት። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኛ በዘንግ እንሄዳለን እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ።

እንደሳቸው በትርፍ ጊዜያቸው ቼዝ ተጫዋች ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት አንድ ትንሽ ውድድር አለ። ሰዎቹ አይጫወቱም። እያንዳንዱ ፕሮግራም በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይጫወታል፤ የባለቤቱ ሥራ ቁጭ ብሎ መሳቀቅ ነው። መምህር ቤት መብራት ስለሚጠፋ፣ የእኔ ሱቅ ደግሞ ከጎረቤት ክሊኒክ ጄኔሬተር መስመር ስላላት፣ ኮምፒውተራቸውን አምጥተው ጥጉ ላይ አስቀመጡት። ስክሪኑ ላይም በዚያ በሚታወቀው የጥቁር ሰሌዳ እጅ ጽሑፋቸው ወረቀት ለጠፉበት፤ «ሰዓቱን አትንኩ» የሚል።

ኮምፒውተሩ እንደ ፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። የግድግዳው ሰዓት ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሲል እሱ ዐሥራ አምስት ይላል። ዐሥራ አምስት ሰዓት የሚባል ነገር ደግሞ አሰላ ውስጥ የለም። ባለቤቴ አብዶ ሱቅ በመጣ ቁጥር ጥጉን እያየ «ይኼ ነገር አብዷል እኮ» ይላል፤ በስሙ መቀለድ ይወዳል። ማንም የአገራችን ሰው ሲያየው ስድስት ሰዓት ቀንሶ ሊያስተካክለው እጁን ይበላዋል። ቀስበቀስ ግን የሚያስበው በዚያ ሰዓት ነው። ተራው ሲደርስ ሰዓቱን አይቶ «እስከዚህ ደቂቃ ላስብ» ብሎ ይቆርጣል፤ እያሰበም መላልሶ ያየዋል፤ ደቂቃው ሲደርስ ይጫወታል። ሰዓቱ ቢነካ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሠራተኛ ቀጥረሽ፣ እስከ አራት ሰዓት ቆፍር ብለሽው፣ ሳያይሽ ሰዓቱን ወደ ኋላ ብትመልሺበትስ?»

ሲቆፍር ይመሽበታላ አልኳቸው። በቃ እንደዚያ ነው አሉኝ።

የውድድሩ ሰዓት ሦስት ዓይነት ነው። በአጭሩ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለጨዋታው በሙሉ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል። በመካከለኛው ሩብ ሰዓት። በረጅሙ ሰዓት ተኩል፣ በየተራው ዐሥር ሴኮንድ እየተጨመረለት። የተሰጠው ሰዓት ያለቀበት፣ ጨዋታው የቱንም ያህል ቢያምር ተሸንፏል፤ «በሰዓት ወደቀ» ይባላል። በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ጊዜ በሰዓት የወደቀ ይሰረዛል። እኔን የሚገርመኝ፣ ያው ሁለት ፕሮግራም ተቀምጦ ሰዓቱ ብቻ ሲለወጥ አሸናፊው መለወጡ ነው። በሁለት ደቂቃው ቀስበቀስን የማይደበድበው የለም። ገና ዙሪያውን ሲያይ ያልቅበታል። በሰዓት ተኩሉ ግን እነዚያው ደብዳቢዎች ቀስ እያለ፣ አንድ ወታደር ዛሬ አንድ ወታደር ነገ እየቀማ፣ ጉሮሯቸውን ሲይዝ አይቻለሁ።

«ጭንቅላትን ብልህ ነው፣ ደደብ ነው አትበይ» ይላሉ መምህር። «ስንት ደቂቃ ሰጥተሽው ነው ብለሽ ጠይቂ።»

ነገሩ የተበላሸው በጥቅምት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ረጅሙ ጨዋታ፣ ቀስበቀስ በአንድ ግንብ ይበልጣል፤ አርባ ደቂቃም በእጁ አለው። ተራው ደረሰና ማሰብ ጀመረ። አምስት ደቂቃ። ዐሥር ደቂቃ። መምህር ቆመው፣ ተቀምጠው፣ እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። ሃያ። ሠላሳ። እያሸነፈ ያለ ፕሮግራም አፉን ከፍቶ እንደተኛ ሰው ቀረ፤ አርባው ደቂቃ አለቀና በሰዓት ወደቀ። በኅዳርም እንዲሁ፣ በረጅሙ ጨዋታ፣ በደህና ቦታ ላይ እያለ።

ይህ የተገላቢጦሽ ነበር። የሌሎቹ ፕሮግራሞች በሰዓት የሚወድቁት በአጭሩ ነው። ሁለት ደቂቃ ስትሰጠው ትንሽ ኢንተርኔቱ ከዘገየ ያልቅበታል፤ ይህን ማንም ይረዳዋል። የመምህር ግን በአጭሩ አንድም ቀን አልወደቀ፤ የሚወድቀው ሰዓት በተትረፈረፈበት ጊዜ ነው። ከመላው ዓለም ጻፉላቸው፤ ማንም መልስ አልነበረውም። መምህር ዐሥራ አንድ ዓመት የጻፉትን በሙሉ አትመው መስመር በመስመር አነበቡት። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ስህተት አላገኙም።

እኔ ለጨዋታ ይህን ያህል መብሸቅ ምንድን ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ያንን የወረቀት ክምር ሱቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው ነገሩኝ።

ታላቅ ወንድማቸው ገብረሥላሴ በቆጂ የገብስ ነጋዴ ነበሩ። በስድሳ አምስት ዓመታቸው መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ቀን። ሚስታቸው ስለምትወዳቸው ሸፈነችላቸው። ሰው ሲጠይቃቸው ቀድማ ትመልሳለች፤ ያጠፉትን «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘመድ አላወቀም፤ እሳቸው ራሳቸውም አላወቁም። አንድ ጠዋት በዚያ በበቆጂ ብርድ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ወጡና በሦስተኛው ቀን በሰው ገብስ ማሳ ውስጥ በሕይወት ተገኙ። መምህር ሊጠይቋቸው ሲሄዱ፣ ታላቁ ታናሹን «ጋሼ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አሏቸው።

«ወንድሜን በሽታው ብቻ አይደለም የወሰደብኝ» አሉኝ መምህር። «የሸፈኑለት ናቸው። ገና ልቡ ሳለ ቢነገረው የሚናገረው ነገር ነበረው፣ የሚሰናበተው ሰው ነበረው። እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሙቢና። ይህን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የገዛ እጄ የሠራውን ስህተት ማየት ካቃተኝ ተጀምሯል ማለት ነው።»

ያልሆነ ነገር አይናገሩ ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ግን ቆርጠው ነበር። ሦስተኛ በሰዓት ከወደቀ፣ ልባቸው ሳለ፣ ለፅዮን ራሳቸው ደውለው ይነግሯታል፤ ቤታቸውን ዘግተው አዳማ ይገባሉ። ፅዮን ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አይፈልጉም። ከእኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የምታዪው ነገር ካለ እንዳትሸፍኚልኝ።»

እሺ አልኳቸው። 

በማግስቱ ሱቅ ዘግቼ ኮምፒውተሩን ፈተሽኩት። ፕሮግራሙን ሳይሆን ኮምፒውተሩን፤ የእኔ ሙያ እሱ ነው። ማንኛውም ኮምፒውተር የተደረገበትን ነገር በመዝገብ ይይዛል። የጥቅምቱን ቅዳሜ ገልጬ ሳነብ፣ ቀስበቀስ በፈዘዘበት በዚያችው ደቂቃ አንድ መስመር አገኘሁ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ተቀይሯል። በስንት? በትክክል በስድስት ሰዓት፣ ወደ ኋላ። የኅዳሩንም ገለጥኩ፤ ያው ነው።

እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ በሽታም አይደለም፣ የፕሮግራም ስህተትም አይደለም፤ ዐሥራ አምስት ሰዓት ያልተዋጠለት የአገሬ ሰው ነው። ማታ አጥፍቼው ጠዋት ስከፍተው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ ስለሚቀበል ምልክት አልቀረም። እኔም በዚያን ዕለት የስክሪኑን ጥግ ባየው እንኳ ትክክለኛ የሚመስል ሰዓት ነው የማየው፤ ትክክል የሚመስል ነገር ደግሞ ዓይን አይስብም።

አብዶን ያዝኩት። ሁለቱንም ቅዳሜ ሱቅ ነበር፤ ሁልጊዜም በዚያ ሰዓት እንዳጉረመረመ ነው። የሰው ዕድሜ ልትቆርጥ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። አልነካሁም ብሎ ማለ፤ አላመንኩትም። በልጆቻችን ማለ፤ ያኔም አላመንኩትም። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ለመምህር ግን ምንም አልነገርኳቸውም። በታኅሣሡ ጨዋታ እጅ ከፍንጅ ይዤ፣ ይኸውልዎት በሽታዎ ብዬ ላስቃቸው አስቤ ነበር። ይህን ማሰቤን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

የታኅሣሡ ቅዳሜ ብርድ ነበር። አብዶን ሱቅ እንዳይደርስ ከለከልኩት። ደንበኛም አላስገባሁም። መምህርና እኔ ብቻ፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ቀስበቀስና አንድ የታወቀ ፕሮግራም በሰዓት ተኩሉ ሲፋጠጡ እናያለን። በሁለት ደቂቃው ያው ፕሮግራም ቀስበቀስን ዐሥር ጊዜ ተጋጥሞ ዘጠኙን አሸንፎታል። በረጅሙ ግን እኩል ለእኩል ተያያዙ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሆነ።

በሁለት ደቂቃ ጨዋታ መምህር ከወንበራቸው አይነሱም፤ ዓይናቸው ከሰሌዳው አይነቀልም። በረጅሙ ግን ሰው ምን ያድርግ? ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። መምህር ተነሱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስከ በሩ ሄዱ። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። ተመለሱ። የስክሪኑን ጥግ ጎንበስ ብለው አዩ። ምላሳቸውን «ጭ» አደረጉ፤ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ መልስ ሲያዩ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ቆመው እንዳሉ ኪቦርዱን ወደራሳቸው ሳቡና በሁለት ጣት ጻፉ። ዐሥራ ስድስት ከሃምሳ የነበረው ዐሥር ከሃምሳ ሆነ። አቧራ እንደነካ ሰው እጃቸውን አራገፉ። ተመልሰው ተቀመጡና ጨዋታውን ማየት ቀጠሉ።

ፊታቸውን አየሁ። ምንም አልነበረበትም። አንድ ነገር የሠራ ሰው ፊት አልነበረም።

ምን ያህል እንደፈራሁ መናገር አልችልም። መብረቅ ከጎኔ ቢወድቅ እንደዚያ አልደነግጥም። ቀስበቀስ ፈዞ ቀረ፤ የሰዓቱ ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል፤ መምህር ደግሞ ጉልበታቸውን ጨብጠው «መጣ፣ ያው መጣ» ይላሉ። ስምንት ደቂቃ እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ «መምህር፣ አብዶ ውጭ ይፈልግዎታል» ብዬ ዋሸኋቸው። ፈራ ተባ እያሉ ወጡ። ዘልዬ ኪቦርዱን ያዝኩና ስድስቱን ሰዓት መለስኩት። ቀስበቀስ ወዲያው ተጫወተ።

«ማል ታኤ?» እያሉ ተመለሱ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ነቃ አልኳቸው። ጨዋታው በአቻ አለቀ፤ በሰዓትም አልወደቀም። መምህር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ዛሬ ምን ተለየ፣ ምን አገኘሽ አሉኝ።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። እንዳትሸፍኚልኝ ያሉት ቃልም ጆሮዬ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ መምህር» አልኩ። «ሰዓቱን ሳላስበው እኔ ነኝ የምነካካው። ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከጥቅምት ወዲህ አላየኋቸውም። «አንቺ መዘዘኛ» አሉኝ፣ «ዕድሜዬን እኮ ነው የቀጠፍሽው፣ ኢንተላ ኮ።» እስክሪብቶ አውጥተው ከዚያች ወረቀት ሥር ጨመሩበት። «ሰዓቱን አትንኩ። በተለይ ሙቢና።»

ማታ አብዶን ይቅርታ ጠየቅኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው፣ ልማድ ነው፣ እጅ እኮ የራሱ ልማድ አለው፣ በሽታ ላይሆን ይችላል አለኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አርባ ዓመት የተሳሳተ ሰዓት ሲያስተካክል የኖረ እጅ ነው፤ ልቡ ሳያውቅ ቢያደርገው ምን ይገርማል? ይህን እያልኩ ግን መቁጠር ጀመርኩ። ሐሙስ ቀን መጥተው «ጨዋታው ተጀመረ?» አሉኝ። ቅዳሜ ነው ስላቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አንዱን ወሬ በአንድ ቀን ሁለቴ ነገሩኝ፤ ሁለቴም እንደ አዲስ ሰማሁ። ዣንጥላቸውን ረስተው ሄዱ፤ እኔ ልጠግነው ነው ያስቀረሁት አልኩ። ፅዮን ከአዳማ ደውላ አባቴ እንዴት ነው ስትለኝ፣ ደህና ናቸው አልኳት፣ ሳልተነፍስ። ከስልኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የገብረሥላሴን ሚስት ሆኛለሁ።

ከሁሉ የባሰው የጥር መጀመሪያ ነው። መምህር መጡ፣ ሰላም አሉኝ፣ ከውድድሩ ዘመን አንድ ረጅም ጨዋታ ብቻ እንደቀረ አወሩኝ፣ ወጡ። ከወጡ በኋላ ልማዴ ነውና የግድግዳውን ሰዓት ላስቀድም ወንበር ላይ ወጣሁ። አምስት ደቂቃ እንደቀደመ ነበር። አላስተካከሉትም። ሳያዩት ነው የሄዱት። ሰዓቱን ሳልነካ ወረድኩ።

የመጨረሻው ጨዋታ በጥር አጋማሽ ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ከራሴ ጋር ጨርሻለሁ። እጃቸውን ካላነሱ ዝም እላለሁ፤ ካነሱ እናገራለሁ። ውሳኔዬን በእሳቸው እጅ ላይ ጣልኩት ማለት ነው፤ ፈሪ ሰው እንደዚህ ነው የሚቆርጠው። ቀስበቀስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይበልጥ ነበር። ሁለት ወታደር ቀማ። ሠላሳ ሦስት ደቂቃ በእጁ አለ። መምህር ተነሱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስከ በሩ ሄዱ። አላህ ሆይ፣ ዛሬ አይሁን አልኩ። ተመለሱ። ጎንበስ አሉ። ወረቀቷን አነበቡ፤ «በተለይ ሙቢና» የሚለውን በጣታቸው ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። ቀጥለው የስክሪኑን ጥግ አዩ። «ጭ» አሉ። ጻፉ። እጃቸውን አራገፉ።

«መምህር» አልኩ። «አሁን ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ሰዓቱን ይዩት።»

አዩት። የግድግዳውን አዩ። እንደገና የስክሪኑን። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው፣ አገላብጠው ተመለከቷቸው። ቀስበቀስ ፈዟል፤ ደቂቃው ይቆጥራል።

«እኔ ነበርኩ?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ መምህር። እኔ ነኝ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። መፍራታቸውን ያወቅኩት በከንፈራቸው ነው፤ ጥርሳቸውን ሊከድን አልቻለም። ስንት ደቂቃ ቀርቶታል አሉኝ። ሃያ ስድስት አልኳቸው። ኪቦርዱን ወደራሳቸው ሳቡ። ለተማሪ እንደሚያስጽፉ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብለው እየጠሩ፣ በአንድ ጣት፣ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፉ። ዐሥራ አምስት። ነጥብ። አርባ አንድ። ቀስበቀስ ወዲያው ፈረሱን አነሳ።

«አየሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳይነቅሉ። «ፕሮግራሙ ስህተት የለበትም።»

«የለበትም።»

«እንግዲህ ስልክሽን ስጪኝ። ቁጥሯን አንቺ ምቺልኝ፤ በቃሌ አውቀው ነበር።»

መታሁላቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔ ልወጣ ስል በዓይናቸው ተቀመጪ አሉኝ።

«ፅዮንዬ፣ አባትሽ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ደህና። ጊዜ አለሽ? ትንሽ ረዘም ይላል።»

ስለ ወንድማቸው ጀመሩላት። እኔ ማንም እንዳይነካው ኪቦርዱን ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ቀስበቀስ እያሰበ፣ እየተጫወተ፣ ሰዓቱን እየቆጠበ ሄደ። መምህር አሁንም ያወራሉ። ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ልጅቷም ስታለቅስ ሰማሁ። ቆይቼ ቀስ ብዬ ተነሳሁ፣ ወንበር ወሰድኩ፣ የግድግዳውን ሰዓት አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አላስቀደምኩትም።